ተረከዝ የሌለው ዱካ

ጥር 14 ቀን 2017

እታገኝ ዛሬ በሰው ፊት አሳፈረችኝ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የሰርጓን የበግ ጠጉር ባና የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ አሁን ዞራ እኔኑ ትመክራለች። የሄድኩት ድካም አልለቅ ስላለኝ ነው። ተኝቼ አድሬ ስነሣ ሌሊቱን ጭነት ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል። ግፊቴን ለካች፣ ደህና ነው አለች። የዐይኔን ቆብ ገልጣ አየችና ትንሽ ደም አንሶዎታል አለች። ከዚያ ልጅ ለማስከተብ በተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ፊት፣ “ጋሽ ፈንታ፣ የእርስዎ በሽታ ያ ጉድጓድ ነው” አለችኝ።

የሽመና ጉድጓዴን ማለቷ ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚውለው። አባቴም እንዲሁ ዋለ፣ እኔም እንዲሁ እውላለሁ። ሰው ግማሽ አካሉን ቀብሮ ውሎ ምን ጉልበት ይኖረዋል ትላለች። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንድሄድ፣ ውኃ እንድጠጣ፣ በመብራት መሸመኔን ትቼ በጊዜ እንድተኛ፣ ከገብሱ ጋር ጥራጥሬ እንዳበዛ አዘዘችኝ። ሴቶቹ ሣቁብኝ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለእየሩስ ብነግራት ይህን ደብተር ሰጠችኝ። ካልጻፍከው ትተወዋለህ አለች። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ዓለምፀሐይ አሮጊቷን እናቷን ልታስታምም ደብረ ብርሃን ከሄደች ወዲህ ቤቱን የምታዝዘው እሷ ናት።

ጥር 17

ጥራጥሬ አብዛ ማለት ቀላል ነው። ባቄላውን ቆርምድ የሚሉት በሽታ ጨረሰው፣ ገብሱን ውርጭ መታው። መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል፤ ሞላሌ ገበያ ምስር የሚባል ነገር አይታይም። እግዜር ሲፈቅድ ግን የዓለምፀሐይ ወንድም ደመላሽ ከመርሐቤቴ በአህያ አንድ ኩንታል ጓያ ላከልን። ያመጣው ሰው “ደመላሽ፣ ዓለምፀሐይ ስትመጣ ታውቅበታለች ብሏል” አለኝ። ምን የሚታወቅበት አለው? ቆልቶ ማስፈጨት ነው። እነዚህ ቆለኞች እኛን ደገኞችን ከገብስ ሌላ እህል ያየን አይመስላቸውም።

ጓያ እግር ይሰብራል እንደሚባል ሕፃንም ያውቃል። የሚሰብረው ግን እንፋሎቱና ጭዱ ነው። እንፋሎቱ ሰውነት ላይ ካረፈ፣ ወይ ሰው ጭዱ ላይ ከተኛ፣ እግሩን ይይዘዋል። ስለዚህ ደጅ አውጥቼ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ጠቅልዬ ቆላሁት። እየሩስን ቤት ዘጋሁባት፤ እስኪበርድ ድረስ ወዲህ እንዳትመጪ አልኳት። ጥንቃቄ ማለት እንዲህ ነው።

ከገብሱ ጋር አስፈጭቼ በሶ አደረግሁት። ይጣፍጣል።

ጥር 25

ዛሬም ሄድኩ። እስከ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደጅና መልስ። አመዳዩ ሜዳውን አልብሶታል። ውኃ ጠጣሁ። በሶ በላን። በጊዜ ተኛሁ።

እታገኝን ሰላም አልላትም ብዬ ነበር። ልክ ሳትሆን አልቀረችም።

የካቲት 3

ደስ ብሎኛል። እየሩስ በትምህርት ቤቱ ሩጫ ወንዶቹን ጭምር ጥላቸው ገባች። የስፖርት መምህሯ አብነት እቤት ድረስ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ሞላሌ የወረዳ ምርጫ አለ፤ ከዚያ ያለፈ ደብረ ብርሃን ይወዳደራል። “ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ሳንባ አላት። ጉልበት ብቻ ይጨመርላት” አለኝ። ምን ትበላለች ብሎ ጠየቀ። ገብስና ጥራጥሬ አልኩት። ጎበዝ አለኝ።

ልጄ ከዚህ ጉድጓድ ወጥታ ትሮጣለች ብዬ ሳስብ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ለራሴ ጉልበት ብዬ የጀመርኩት ለሷ ሆነ። ከነገ ጀምሮ የሷን ጽዋ ሙሉ አደርጋለሁ። ማለዳም ከኔ ጋር ትወጣለች።

የካቲት 18

ጾሙ ትናንት ገባ። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። የገብሱ ጎተራ ሊራቆት ነው፤ ዘር ላስቀር ብዬ ከበሶው ገብሱን ቀነስኩ፣ ጓያውን አበዛሁ። ቂጣውም ጓያ፣ ሽሮውም ጓያ። ለጉልበት የሚሆነው እሱ ስለሆነ እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም።

እየሩስ ሰለቸኝ አለች። ተቆጣኋት። ሯጭ ምግብ አያማርጥም አልኳት፤ ጨረሰችው።

የካቲት 25

እኚህ አያ መርስዔ ኃዘን ምን ሆነው ነው? ቤታቸው ከሥላሴ በር ሥር ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ጎረምሳ ሳሉ ጓያ ሰብሯቸው በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው ይጋጫል፣ ተረከዛቸው መሬት አይነካም፤ በእግራቸው ጣት ነው የሚሄዱት። ጭዱ ላይ ተኝተው ነው ይባላል።

ሰው ሰላም ሲል ፊት ያያል። እሳቸው የሚያዩት እግሬን ነው። ዛሬ “እንዴት አደሩ” ብላቸው ዐይናቸውን ከእግሬ ሳያነሡ “አንተስ? ሌሊት የሚጎትትህ ነገር አለ?” አሉኝ።

አለ እኮ። ለማን ነገርኩ? ለማንም። ሰሞኑን እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል አንድ ነገር ባቴን ይዞ ይስበዋል፤ ይጠነክርና ይንቀጠቀጣል። ለእየሩስ እንኳ አልነገርኳትም። እሳቸው በምን አወቁ?

መጋቢት 1

ባናው ተበላሸ። አንዱ ጠርዝ ጠበቀ፣ አንዱ ላላ። ቀኝ እግሬ መርገጫውን ከረገጠ በኋላ ቶሎ አይለቅም። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የያዘኝ ሰው ያለ ይመስላል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም የለም። ደግሜ አየሁ።

ብርድ ነው።

መጋቢት 5

የሚከተለኝ አለ።

ማለዳ ጭጋግ ነበር፣ እየሩስ ቀድማኝ ሮጣ ሄዳለች። ዳገቱ ላይ ከኋላዬ የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ሽር ይላል፣ ዝም ይላል፣ ሽር ይላል። ስቆም ይቆማል። ስሄድ ይሄዳል። ዞር ስል ጭጋግ ብቻ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ጨርሼ ስራመድ ሽር አለ።

ቤት ስደርስ አጥሩ ሥር የተኛው ውሻዬ ተነሥቶ አልተቀበለኝም። አንገቱን አስግጎ እግሬን አየና ማጉረምረም ጀመረ። የገዛ ውሻዬ።

መጋቢት 9

የበልግ ዝናብ ጣለና መንገዱ ጭቃ ሆነ። ዛሬ ከሥላሴ ስመለስ በሄድኩበት መንገድ ላይ ዱካ አየሁ። የኮንጎ ጫማ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚጫማው ያንኑ ኮንጎ ነው። ግን የፊቱ ብቻ ነው ያለው። ጣት አለ፣ ተረከዝ የለም። ከጣቱ ፊት ጭቃው ተጎትቷል።

አያ መርስዔ ናቸው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ኋላ ግን ልብ አልኩ። እሳቸው ያለ ምርኩዝ አይሄዱም፤ ከዱካው ጎን የምርኩዝ ምልክት የለም።

ለጎረቤቴ ለአወቀ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ ፊቱ ጠቆረ። እናቱ በሕይወት ሳሉ ተረከዝ ሳያስነካ የሚሄድ ነገር አለ ይሉ ነበር አለኝ። ሰው እንዳይነቃ በጣቱ ይሄዳል፣ ከመውሰዱ በፊት ቤቱን ይዞራል፣ የሚወስደውን ይመርጣል። “ከቤቱ መጀመሪያ ትንሿን ነው የሚያይ ይሉ ነበር” አለ። ከዚያ እንደ መጸጸት ብሎ፣ ያሮጊት ወሬ ነው ተወው አለኝ።

ቤቴ ውስጥ ትንሽ አንድ ብቻ ናት።

መጋቢት 12

ጠበል አስመጣሁ፣ ደጁን ረጨሁ። እየሩስን ጭጋግ ሳይገለጥ እንዳትወጪ አልኳት። ለምን ስትለኝ ጮህኩባት። በኋላ አዘንኩ። በሶዋን ራሴ በጥብጬ፣ ማር ጨምሬ አጠጣኋት። ሰውነቷ ጠንካራ ከሆነ ምንም አይደፍራትም።

መጋቢት 17

ዓለምፀሐይ ደወለች። እናቷ ትንሽ ተሽሏቸዋል። ምን ትበላላችሁ አለች። ጥራጥሬ አልኳት፣ እታገኝ ያዘዘችውን። የምን ጥራጥሬ ስትል ኔትወርኩ ተቆረጠ።

መልሼ መደወል እችል ነበር። ግን የቆላ ሴት ናት፤ ስለ ጓያ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ስለ ዱካውም ከድምፄ ታውቅብኛለች። ተውኩት።

መጋቢት 20

ኮንጎዬ የቀኙ ጣት ጋ ተበልቶ ተቀደደ። ገና በኅዳር የተገዛ። የቀየት ገበያ ነጋዴ አታለለኝ።

መጋቢት 24

አብነት መንገድ ላይ አገኘኝ። እየሩስ ሰሞኑን ከልጆቹ ወደ ኋላ ትቀራለች አለኝ። ደክሟት ይሆናል፤ ጾም ነው አልኩት። አንድ ቀን ወድቃም ነበር። አልነገረችኝም።

ማታ ብጠይቃት “እግሬን ይይዘኛል አባዬ፤ ባቴን” አለች። ጡንቻ ሲያድግ እንዲህ ያደርጋል አልኳት፣ ባቷን አሸሁላት። እውነትም ጠንክሯል፣ የሯጭ ባት ሆኗል። አረማመዷም አምሯል፤ በጣቷ ሆና ነው ግቢውን የምትሻገረው። አብነት በእግር ጣት ሩጡ ብሎ ነው የሚያስተምራቸው። ይህንን እያየሁ ኮራሁ።

የራሴን ድርሻ ለሷ ጨመርኩላት። እኔ ምን እሠራበታለሁ? ሁለት ጊዜ አንዲት ድንጋይ አደናቅፋኛለች፣ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

መጋቢት 28

የማልፈልገውን አየሁ።

ትናንት ማታ ከምድጃው አመድ ወስጄ ደፉ ላይ ነሰነስኩ። አባቴ ሌባ ሲጠረጥር እንዲህ ያደርግ ነበር፤ የገባ ከገባ ዱካው ይቀራል። በሩን ቀረቀርኩ። ሊነጋጋ ሲል ሽንቴ ወጥሮኝ ወጣ ብዬ ነበር፣ በእንቅልፍ ልቤ፤ አመዱን የተሻገርኩት ይመስለኛል። ሲነጋ ባየው አመዱ ላይ በባዶ እግር የተረገጠ አለ። አምስት ጣት ቁልጭ ብሎ። ተረከዝ የለውም።

የባሰው ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ውጭ የወጣው ነው፤ የመመለሻው በላዩ ተደርቧል። ይህ ማለት ከኛ ጋር አድሯል ማለት ነው። በሩ ተቀርቅሮ፣ ልጄ እዚያ ማዶ ተኝታ፣ እሱ ከውስጥ ነበር።

እየሩስ ሳትነሣ አመዱን ጠረግሁት። ለማንም አልናገርም። እኔን ከፈለገ ይውሰደኝ። እሷን አይንካ።

ሚያዝያ 2

አልተኛሁም። እታገኝ በጊዜ ተኛ ትላለች፤ እሷ መጥታ ትተኛ።

መነሣት ራሱ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ግድግዳውን መያዝ፣ ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ጉልበቶቼ ይጋጫሉ። ሰው እንዳያየኝ ወደ ሥላሴ በኋላ በር ነው የምሄደው፤ አያ መርስዔን ማየት አልፈልግም። ዛሬ ግን ከሩቅ ምርኩዛቸውን አንሥተው ጠሩኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ። ከኋላዬ ያው ሽር፣ ሽር ይላል።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

እየሩስ ዘንባባ ይዛ መጣች። በጣቷ ላይ ቀለበት ሠርታበታለች። ለኔም አንድ ሠራችልኝ።

“አባዬ፣ ሞላሌ ባልሄድስ?” አለችኝ። ፈርታ ነው አልኩ። አይዞሽ አልኳት። በሶ ሰጠኋት።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

መሽቷል። መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት አላምነውም።

ስግደት ሄድኩ። ኪርያላይሶን እየተባለ ሰው ሲወድቅ ሲነሣ አብሬ ወደቅሁ ተነሣሁ። እስከ ቀትር ያለውን እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም። ከዚያ አንዱን ሰገድኩና ቀረሁ። እጄ ይገፋል፣ እግሬ የለም። ሰው ሁሉ ተነሥቶ እኔ ግንባሬ መሬት ላይ ነው። አወቀ ብብቴን ይዞ አወጣኝና ግንቡ ሥር አስቀመጠኝ። አያ መርስዔ ኃዘን እዚያ ተቀምጠው ነበር።

“ከመቼ ጀምረህ ነው የምትበላው?” አሉኝ።

ምኑን አልኳቸው።

“ጓያውን ነዋ።”

ጭዱ ላይ አልተኛሁም፣ እንፋሎቱንም ተሸፋፍኜ ነው የቆላሁት አልኳቸው።

“እኔም ጭድ ላይ ተኝቼ አላውቅም” አሉ። “ሌላ የሚበላ አልነበረምና በልግ እስኪደርስ እሱን ብቻ በላሁ። ጭድ ነው ያለው ሰው ነው፤ ምግቡን ከሚፈራ ጭዱን ቢፈራ ስለሚቀለው። የሚሰብረው መብላቱ ነው ልጄ።”

ከዚያ ሁሉን ነገሩኝ። ባት ሲጎትት፣ ሌሊት ሲያንቀጠቅጥ፣ ጉልበት ሲጋጭ። በየማለዳው ካለፍኩ በኋላ ወጥተው ጭቃው ላይ የረገጥኩትን ያዩ ነበር። ሊነግሩኝ ሲጠሩኝ መንገድ እለውጥባቸዋለሁ። “ዱካህን ያወቅሁት ወዲያው ነው” አሉ። “አርባ ዓመት ያየሁት የራሴው ነው።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከኋላዬ የሚጎተተው፣ ቤቴን የሚዞረው፣ ከኛ ጋር ያደረው። እኔ ነኝ። ፍርሃቴ ለቀቀኝና ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ለራሴ እግር ነው የማዝነው፤ እሱ ይቻላል።

ይመለሳል ወይ አልኳቸው። የሄደው አይመለስም አሉ፤ ዛሬ ካቆምክ ግን ባለህበት ሊቀር ይችላል። ደግሞም ገና ሲጀምር የነቁበት አንዳንዶቹ ቀሎላቸዋል። ምርኩዛቸውን አነሡና ሊነሡ ሲሉ መለስ አሉ።

“ብቻህን ነው የምትበላው?”

ሚያዝያ 11፣ ቀዳም ሥዑር፣ ሊነጋ ሲል

ትናንት ማታ አወቀ ደግፎ ቤት ሲያደርሰኝ እየሩስ ተኝታ ነበር። አልቀሰቀስኳትም። ፈራሁ። የቀረውን ጓያ አወቀ ተሸክሞ ገደል ደፋልኝ፤ ካለው ገብስ አንድ ቁና ሰጠኝ። ሲነጋ በቅሎውን ጭኖ ሁለታችንንም ጤና ጣቢያ ሊያደርሰን ተስማምተናል። ለዓለምፀሐይ ሦስቴ ደወልኩ፣ አይገባም።

ከዚያ ተቀምጬ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሙሉ ጽዋ። ማር ጨምሬ። የራሴን ድርሻ። አረማመዷ አምሯል። ማንም ሌላ ሰው አልጻፈው፣ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ቤቴን የዞረው ነገር ትንሿን ሲፈልግ ጽዋውን እያቀበልኩ የረዳሁት እኔ ነኝ።

ከምድጃው አመድ አወጣሁ። ወለሉ ላይ ነሰነስኩ፣ በእጄ ደለደልኩት። እየሩስን ቀስ ብዬ ቀሰቀስኳት። ዐይኗን እያሸች መጣች። ምንድን ነው አባዬ አለች። ምንም አይደል፣ በዚህ ላይ ተሻገሪልኝ፣ አትሩጪ፣ እንዲያው ሂጂ አልኳት። ጨዋታ መስሏት ፈገግ አለች። ሄደች።

ኩራዙን ዝቅ አድርጌ አየሁ። የግራው ሙሉ ነው፤ ጣቱም፣ ውስጥ እግሩም፣ ተረከዙም ክብ ብሎ ወጥቷል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የቀኙ ግን ጣት ብቻ ነው። ከጣቱ በኋላ ያለው አመድ እኔ እንደደለደልኩት ነው።

የሯጭ ልማድ ሆኖባት ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከአመዱ ላይ አቆምኳትና እግሯ ሥር ተንበርክኬ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ከውስጥ ይንቀጠቀጣል።

“ተረከዝሽን አሳርፊው እስቲ፣ የኔ ልጅ።”

ወደ ታች አየች። ከንፈሯን ነከሰች።

“እያሳረፍኩት ነው እኮ አባዬ” አለችኝ።